ላዳና ቮልስ ከሜዳ አይውጡ

የእግር ኳስ ተመልካች ዕድሜ ላይ ፍርዱ ፈጣን ነው። ተጫዋቹ ሠላሳ አምስት ዓመት ካለፈው «አበቃለት፣ ጫማውን ይስቀል» ይባላል። ሮጀር ሚላ ግን እ.ኤ.አ. በ1990 የጣሊያኑ ዓለም ዋንጫ በ38 ዓመቱ ከተቀያሪ ወንበር እየተነሳ ለካሜሩን አራት ጎል አገባ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ በ42 ዓመቱ የራሺያን መረብ አገኘ። አሮጌ መኪና ላይ የሚሰጠው ፍርድም እንደዚሁ ጥድፊያ ይበዛበታል። አንዲት ላዳ ኮፈኗን ከፍታ መንገድ ዳር ከቆመች «ይቺን ፈታትቶ መሸጥ አይሻልም?» የሚል አላፊ አግዳሚ አይጠፋም።

ጉዳዩ በስፖርት ዓይን ይታይ ከተባለ ማስረጃው ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ጎረቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ በአቧራውና በጭቃው የታወቀ፣ መኪና የሚሰብር ውድድር ነበር። በ1954፣ በ1957 እና በ1962 አንደኛ የወጣችው ታዲያ ሌላ ሳትሆን ያቺ ጀርባዋ ጎበጥ ያለው ቮልስ ናት። የአዲስ አበባ ሰው በደንብ የሚያውቃት ፔጆ 404ም በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። ከሁሉም የሚገርመው የ1965ቱ ነው። ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ ከወንድሙ ከጃስዋንት ጋር ያሸነፈው ከሌላ ሰው እጅ በወጣ፣ አስቀድሞ ውድድር ላይ በተለፋበት ቮልቮ ነው። ያገለገለ መኪና ዋንጫ በላ ማለት ነው!

ይህም ታሪክ ሆኖ አልቀረም። ከ2003 ጀምሮ በዚያው አካባቢ የድሮ መኪኖች ብቻ የሚፎካከሩበት የሳፋሪ ክላሲክ ራሊ ተጀምሯል። ስዊድናዊው ቢዮርን ቫልደጋርድ በ1977 ዋናውን ሳፋሪ በፎርድ ኤስኮርት አሸነፈ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ2007 ክላሲኩንም በኤስኮርት ደገመው። ሹፌሩም መኪናዋም አርጅተዋል ማለት ይቻላል፤ ዋንጫው ግን የእነሱ ሆነ።

ምስጢሩ ቀላል ነው። ቮልስ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም፤ ስለዚህ ዳገት ላይ ውኃ ፈላብኝ ብላ አታስቸግርም። ላዳ ደግሞ በትውልዷ የጣሊያኑ ፊያት 124 ናት። ሩሲያውያን ለራሳቸው መጥፎ መንገድ ብለው ላሜራዋን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ ባትሪ ሲደክም በማኖቬላ እንድትነሳም አሰቧት። በሁለቱም መኪኖች ሞተሩ ሲከፈት ሁሉም ነገር በዓይን ይታያል፣ በእጅም ይፈታል። ኮምፒውተር ካልመጣ አልነካም የሚል ሜካኒክ የለም።

እዚህ ላይ ነው የአገር ልጅ ሙያ የሚመጣው። ካርቡሬተር አጥቦ፣ ካንዴላ ጠርጎ፣ ፍሪሲዮን ቀይሮ መኪና የሚያስነሳው የሰፈር ሜካኒክ፣ ከገበያ የጠፋውን ዕቃ ቀርጾ የሚያወጣው የቶርኖ ባለሙያ፣ ሶማሌ ተራ የላዳን ዕቃ በእጁ ዳሶ ብቻ የሚለየው ነጋዴ የዚህ ቡድን አሰልጣኞችና ወጌሻዎች ናቸው። ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ በ2003 መመረቷ ቆሟል፤ ላዳ 2107ም በ2012። ፋብሪካው ከተወ በኋላ እነዚህን መኪኖች ያቆያቸው የእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። መኪናዋ ለብረት ከተሸጠች ሙያውም አብሮ ይሸጣል፤ ለተተኪው የሚተላለፍ ነገር አይኖርም።

ደግሞስ ምትክ የሚገዛው በምን ገንዘብ ነው? መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የኤክሳይስ ሕግ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ባለ ኤሌክትሪክ መኪና መምጣቱ ጥሩ ነው፤ ግን ያለውን ሳይንከባከቡ የሌለውን መመኘት በዝውውር መስኮት ገንዘብ ሳይዙ አጥቂ እንደመፈለግ ነው።

«ጭሱስ? አደጋውስ?» የሚሉ አሉ። ትክክል ናቸው። ፍሬን የማይዝ ላዳ ቅርስ ሳይሆን የሰው ነፍስ አጥፊ ነው። እንደ ጭስ ማውጫ ምድጃ ጥቁር የሚተፋ መኪናም «ክላሲክ» ስለተባለ አይማርም። አሰልጣኝ አንጋፋ ተጫዋች የሚያሰልፈው በስሙ ሳይሆን የሕክምና ምርመራውን ሲያልፍ ነው። የመኪናው ምርመራ ቦሎ ነው፤ ቦሎ ደግሞ በትክክል እንጂ በትውውቅ መለጠፍ የለበትም። ያለፈ ይሰለፍ፣ የወደቀ ይጠገን፣ ካልተጠገነ ይቁም። ባለቤቱም ቢሆን ፍቅሩን የሚያሳየው ጣሪያ ላይ ጌጥ በመደርደር ሳይሆን የፍሬን ሸራ በጊዜው በመቀየር ነው።

ከስታዲየም ወጥቶ አምስት ሆኖ ላዳ ውስጥ ተጣቦ፣ እስከ ሰፈሩ ድረስ ስለ ዳኛው ያልተጨቃጨቀ የአዲስ አበባ ደጋፊ ጥቂት ነው። ሰማያዊና ነጭ ለብሳ ያንን ሁሉ ሕዝብ የተሸከመች መኪና ክብር ይገባታል። ክብሩም ሐውልት አይደለም፤ ጥሩ ፍሬን፣ ንጹሕ ካርቡሬተርና ከሽማግሌው ሜካኒክ ጎን ቁጭ ብሎ የሚማር አንድ ወጣት ነው።