ለፎቶው ብቻ አናዋጣ

ጁባ ያለን ሐበሾች መዋጮ እናውቅበታለን። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሱቅ ያለውም፣ ሆቴል የሚያስተዳድረውም፣ ውሃ በቦቴ የሚያመላልሰውም ሰው ታመመ ሲባል እጁን አያጥፍም። ለጋስነቱን አልነቅፍም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ሕመሙ ከራስ ቅል ውስጥ ነው በተባለ ቁጥር ሁላችንም ተያይዘን «ኮንትራስት ያለው ኤምአርአይ ይነሳ» እንላለን። ትኬት ይቆረጣል፤ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ናይሮቢ ወይም ወደ ካምፓላ። ማዘዣው ላይ ግን «ራስ ምታት» ከሚለው በቀር ምንም ያልተጻፈበት ጊዜ አለ።

ኮንትራስት የኤምአርአይ አንደኛ ማዕረግ አይደለም፤ ለተወሰነ ጥያቄ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ለአንጎል የሚሰጠው ጋዶሊኒየም የተባለ ብረት ያለበት ፈሳሽ ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። በመጀመሪያ ያለ መድኃኒት ይነሳል፤ ከዚያ በክንድ ደም ሥር ይወጋና እንደገና ይነሳል። የጤነኛ አንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ጥብቅ ስለሆነ መድኃኒቱን አያሳልፍም። ዕጢ፣ ኢንፌክሽን ወይም ብግነት ግድግዳውን ያሳሳበት ቦታ ግን ሾልኮ ይገባል፤ ያም ቦታ ፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ ይደምቃል። ዕጢ ለሚጠረጠርበት ሰው ይህ ወሳኝ ነው።

ደምቆ መታየቱ ግን ብቻውን የበሽታውን ስም አይናገርም። የአንጎል ቲቢ፣ ኤችአይቪ ባለበት ሰው ላይ የሚነሳው ቶክሶፕላዝሞሲስ፣ መግል የቋጠረ ቁስል፣ የካንሰር ዕጢ፣ ሁሉም ጠርዛቸው ቀለበት ሠርቶ ሊታይ ይችላል። ከመካከላቸው የሚለየው የደም ምርመራው፣ የደረት ራጁ፣ ታማሚው የሚናገረው ታሪክ ነው። እነዚህ ጁባ ላይ ሳይሠሩ አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው ውድ ፎቶና ያልተመለሰ ጥያቄ ይዞ ይመለሳል።

መጠበቅ የሚገድልበትም ጊዜ አለ። ከቦዳ ቦዳ (የኪራይ ሞተር ሳይክል) ወድቆ ራሱን የተመታ፣ ወይም ድንገት ግማሽ አካሉ የከዳው ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ደም መፍሰሱን በፍጥነት የሚያሳይ፣ ኮንትራስት የሌለው ሲቲ ስካን ነው። ለእሱ የኤምአርአይ መዋጮ እስኪሞላ መቆየት ሰዓቱን መስረቅ ነው።

ኤምአርአይና ኮንትራስቱ ጥንቃቄም ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 አንዳንድ የጋዶሊኒየም ዓይነቶች ኩላሊታቸው ክፉኛ በደከመ ሰዎች ላይ ቆዳንና የውስጥ አካልን የሚያደርቅ በሽታ እንደሚያመጡ ታወቀ። ስለዚህ የኩላሊት ሕመም፣ ስኳር ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው አስቀድሞ የኩላሊትን አሠራር የሚያሳየውን ክሪያቲኒን በደም ይለካ። ነፍሰ ጡር የሆነች ትናገር። ደቡብ ሱዳን ደግሞ ጦርነት ያየች አገር ናት፤ በሰውነቱ ውስጥ የጥይት ወይም የፍንጣሪ ስባሪ የቀረበት ሰው ብዙ ነው። ኤምአርአይ የሚሠራው በመግነጢስ ነው፤ 1.5 ቴስላ የሚባለው የተለመደው ማሽን ከመሬት መግነጢስ 30,000 እጥፍ ገደማ ይበረታል፤ ዓይን ወይም አንጎል አጠገብ ያለ ብረት እንዲነቃነቅ ሊያደርግ ይችላል። ለባለሙያው ሳይነገር አይገባም።

ጥያቄው ከማሽኑ መቅደም እንዳለበት ይህችው አገር ታስተምራለች። በምዕራብ ኢኳቶሪያ ልጆችን ራሳቸውን እያስነቀነቀ የሚጥል ሕመም አለ። በታንዛኒያና በኡጋንዳ በዚሁ ሕመም የተያዙ ልጆች ኤምአርአይ ተነስተዋል፤ ፎቶው ጉዳቱን አሳየ እንጂ መነሻውን አልተናገረም። በዚያው በምዕራብ ኢኳቶሪያ፣ ማሪዲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 ቤት ለቤት ተዙሮ ሲጠየቅ ግን የሚጥል በሽታ በከተማዋ ግድብ አቅራቢያ በርክቶ ተገኘ። ከሚጥል በሽታው ጋር የተያያዘውን ኦንኮሰርኪያሲስ የተባለ የትል በሽታ የሚያስተላልፈው ጥቁር ዝንብ የሚራባው በግድቡ የውሃ መውረጃ ላይ ነበር። ዝንቡ የሚራባበት ሣርና ቅጠል ተመነጠረ፣ የትሉ መድኃኒት አይቨርሜክቲን ታደለ፤ አዲስ የሚያዙት ቁጥርም ቀነሰ።

«እንግዲያው ማሽን አያስፈልግም ልትል ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ያስፈልጋል፤ ጁባም በቂ ማሽንና የማይቋረጥ መብራት ይገባታል። እኔ የምለው ማኅበራችን ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ ነው። ሐኪሙ ምን ጠርጥሮ ነው ያዘዘው? እዚህ ሊሠራ የሚችለው ምርመራ አልቋል? ውጤቱ ከመጣ በኋላ ለሕክምናው የሚተርፍ ገንዘብ አለ? ታማሚውም ሲመለስ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውን ይዞ ይምጣ፤ ሌላ ሐኪም ፎቶውን ራሱ ማየት ካልቻለ በሚቀጥለው ከተማ ያው ምርመራ ይደገማል፤ እኛም ለአንድ አንጎል ሁለቴ እናዋጣለን።