በሩ ተዘግቶ እሳቱ ሳይጠፋ

 

ቡሌን የሚያውቅ ብርዷን ያውቃል። ከዲላ ተነስቶ ሽቅብ ወደ ጌዴኦ ደጋ የወጣ ሰው፣ ቡናው እየሳሳ እንሰቱ፣ ቀርከሃውና ገብሱ እየበዛ ሲሄድ ጋቢውን መፈለጉ አይቀርም። በክረምት ጉሙ ከደጃፍ ስለማይርቅ፣ ገና መግሪብ እንደተሰገደ በሩ ይዘጋል፤ የመስኮቱ ቀዳዳም በጨርቅ ይወተፋል። መብራት ከሄደ ሻማ ይለኮሳል፤ ለሙቀት ደግሞ የከሰል ምድጃው ወደ ውስጥ ይገባል። ቤቱ ሞቅ ሲል «አልሐምዱሊላህ» ብለን እንቀመጣለን። ዛሬ የምንነጋገረው ያ ሙቀት ይዞት ስለሚመጣው ነገር ነው።

ጥፋቱን ከራሳችን እንጀምር። በአንድ የሐምሌ ምሽት መብራት ጠፍቶ ልጆቻችን በሁለት ሻማ ቁርኣን ይቀራሉ። ቡና የተፈላበትን ከሰል «ይሙቃቸው» ብለን አጠገባቸው ተውነው። ጭሱ ወጥቶለት ፍም ሆኖ ስለነበር አልሰጋንም። ከዒሻ በኋላ ትንሿ «ራሴን አመመኝ» አለች። የሻማው ጭስ ይሆናል ብለን አንዱን አጠፋንላት። ጥቂት ቆይቶ ወንድሟን አስመለሰው። ይህን ጊዜ አያታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው፣ «ምን ትጠብቃላችሁ! ልጆቹን አውጧቸው፣ በሩን ክፈቱት፣ ከሰሉን አስወጡት!» ብለው ጮኹ። ብርዱ ገባ፤ ልጆቹም ውጭ ሲቀመጡ ቀስ በቀስ ተሻላቸው። እኛ ሰሌዳ ላይ እየጻፍን የምናስተምረውን፣ ፊደል ያልቆጠሩት እናት ቀድመውን አዩት። ዛሬም ስናስበው ያሳፍረናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሳት በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለምም ሽታም የለውም፤ ዓይንም አያቃጥልም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን ክፍል፣ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። በመጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ይመጣሉ። የተኛ ሰው ግን እነዚህን ሳያውቅ በዚያው ሊቀር ይችላል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ጉዳቱ በማኅፀን ያለውንም ልጅ ያገኘዋል።

«ጭሱ ወጥቷል» የሚለው አነጋገር የሚያታልለን እዚህ ላይ ነው። የወጣው የሚታየው ጭስ ነው፤ የቀላው ፍም፣ አመድ የለበሰውም ጭምር፣ የማይታየውን መትፋቱን አያቆምም።

ሻማስ? ሻማ ከከሰል ጋር አይወዳደርም፤ ነገር ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። አብዛኛው ሻማ የሚሠራው ከነዳጅ ዘይት ከሚወጣ ፓራፊን ነው። ክሩ ሲረዝም ወይም ነፋስ ነበልባሉን ሲያወዛውዘው ጥቀርሻ ይወጣል። ግድግዳውን ያጠቆረው ጥቀርሻ ወደ ሳንባችንም ይገባል፤ አስም ያለበት ሰው ደግሞ ቶሎ ይሰማዋል። ኩራዝ ከሁሉም ይብሳል፤ በውስጡ ከሚነደው ላምባ ከ100 እጅ ከ7 እስከ 9 የሚሆነው ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ በሚከማች ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማታ በሩን እንድንዘጋና መብራቱንም እንድናጠፋ አዘዋል። በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነሰዎቹ በተቃጠለ ጊዜም፣ ስንተኛ እሳትን እንድናጠፋ አስጠንቅቀዋል። ልብ እንበል፤ በር መዝጋትና እሳት ማጥፋት አብረው የመጡ ናቸው። እኛ ግን ብርዱን ፈርተን አንደኛውን ያዝን፤ ሁለተኛውን ተውን። አደጋውም ያለው ሁለቱ ሲለያዩ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ከሰል፣ ፍምም ሆነ አመድ የለበሰ፣ ሰው በሚተኛበት ቤት አይደር። አራስ ቤትም ቢሆን። ለሌሊቱ ብርድ ብርድ ልብስና ካልሲ ይደረብ።

2. እሳት በቤት ውስጥ እስካለ ድረስ በር ወይም መስኮት ገርበብ ይበል። ለጁምዓ ዕጣን ስናጨስም እንዲሁ ነው።

3. የሻማው ክር ከግማሽ ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይቆረጥ። ሻማው በሳህን ላይ፣ ከነፋስ፣ ከመጋረጃና ከሕፃናት እጅ ርቆ ይቀመጥ። አቅም ያለው ኩራዙን በፀሐይ ኃይል በሚሠራ መብራት ይተካ።

4. በአንድ ቤት ካንድ ሰው በላይ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው አንጠራጠር። ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣ፤ በሩ ይከፈት፤ ፈጥኖም ወደ ጤና ጣቢያ ይኬድ። ወተት አጠጥቶ ማስተኛት መድኃኒት አይሆንም።

በቤታችን ከዚያ ምሽት ወዲህ አንድ ደንብ አለ። ከመኝታ ዱዓ በፊት ከልጆቹ አንዱ ተነስቶ «እሳቱ ጠፍቷል?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ሳይሰማ የሚተኛ የለም። እናንተም ዛሬ ማታ ጠይቁ።

አላህ ቤታችንንና ልጆቻችንን ይጠብቅልን። አሚን። ወሰላሙ ዓለይኩም።