መኪናው ይረክሳል፣ ዕቃው አይረክስም

«የስፖርት መኪና በ16 ሺህ ድርሃም!» የሚል ወንድም ያላጋጠማት እህት ሻርጃም ሆነ ዱባይ ያለች አይመስለኝም። ፎቶውን በስልኩ ያሳየናል፤ ኮፈኑን ተደግፎ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ። እኛም «እሰይ! በደስታ ንዳው» ብለን እንመርቃለን። እኔ ዛሬ አልመርቅም። ይህን የምጽፈው ልከራከር ነው።

ርካሽ የስፖርት መኪና የሚባል ነገር የለም። ዋጋው የወረደ መኪና ነው ያለው። የወረደውን ደግሞ አንድ ሰው ቆይቶ ይከፍለዋል። በእኛ መሀል ያ ሰው ብዙ ጊዜ በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ናት። ስሟም ሙልኪያው ላይ የለም።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናገር። መኪና አልጠላም። «ስደተኛ መኪና ምን ያደርግለታል» ከሚሉትም ወገን አይደለሁም። ሰው ሠርቶ ያገኘውን በሚወደው ነገር ላይ ቢያወጣ መብቱ ነው። እኔም የዚያ ሞተር ድምፅ ሲነሳ ሆዴ እንደሚላወስ አልደብቅም። ጠቤ «በርካሽ ነው» ከሚለው ውሸት ጋር ነው።

የእኔን ልንገራችሁ፤ ደብተሬ ላይ ስላለ አልሳሳትም። የአክስቴ ልጅ እዚሁ ሹፌር ነው። አንድ እሑድ መጥቶ «ኒሳን 350 ዜድ አግኝቻለሁ፣ የ2006 ሞዴል፣ 16 ሺህ ብቻ። አድሰን በ25 ሺህ እንሸጠዋለን፣ ትርፉን እኩል» አለኝ። ደሞዜ 1,200 ድርሃም ነው። ለቤተሰብ ልኬ በ17 ወር ያጠራቀምኩት 10 ሺህ ነበረኝ። ሰጠሁት። እሱ 6 ሺህ ጨመረ። ሙልኪያው በእሱ ስም ወጣ፤ መንጃ ፈቃድ ያለው እሱ ነው ተባለ። እኔም «ወንድሜ አይደል እንዴ» ብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ ምን ሆነ? በመጀመሪያው ሳምንት ማርሚታ ቀየረ፣ ድምፁ እንዲጮህ፤ 1,200። ቀጥሎ ጎማዎቹ ደርቀው ተገኙ፤ 1,600። ራዲያተሩ ከነቧንቧዎቹ 900። ፍሪሲዮን ከነሥራው 2,600። የፊት እግሩ ጎሚኒ 900። የመስኮት ሞተር 300። ፈተና፣ ምዝገባና ኢንሹራንስ 1,500። ደምሩት፤ 9 ሺህ ነው። ከ16 ሺህ ጋር 25 ሺህ። ልንሸጥበት ያሰብነው ዋጋ ላይ ሳንሸጥ ደረስን። ያ የሚጮህ ማርሚታማ ለፈተና ሲቀርብ ተፈትቶ የድሮው ተመለሰ። ሌላው ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ሙሉ ኢንሹራንስ የሚሰጠን አላገኘንም፤ ለሦስተኛ ወገን ብቻ።

በ11ኛው ወር በ11 ሺህ ተሸጠ። ከጥገናው 5 ሺውን የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ በጠቅላላው 15 ሺህ አወጣሁ ማለት ነው። እሱ 10 ሺህ። ሲሸጥ 5 ሺህ ለእኔ ሰጠኝና 6 ሺውን ያዘ። ለምን ስለው «ልፋቴስ?» አለኝ። እኔ 10 ሺህ ከሰርኩ፣ ከስምንት ወር ደሞዝ በላይ። እሱ 4 ሺህ ከሰረ፣ 11 ወርም ነዳው። እኔ የተቀመጥኩበት ቀን በጣት ይቆጠራል። የእሱ ልፋት በገንዘብ ተተመነ። የእኔ የ17 ወር ብረት ድስት ማጠብና ደረጃ መወልወል ግን ልፋት ተብሎ አልተቆጠረም።

የአክስቴን ልጅ ለመስደብ አይደለም። ሌባ አይደለም፣ ታምሜ ሆስፒታል ያደረሰኝም እሱ ነው። ስህተቱ የሁላችንም ስለሆነ ነው የማወራው። ስህተቱ ከሁለት ቦታ ይመጣል።

አንደኛው ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ሐሳብ ነው። አዲስ አበባ መኪና ንብረት ነው። ከእኛ በፊት የተወለደ ዲኤክስ ዛሬም በጥሩ ዋጋ ይሸጣል። ከአሥር ዓመት በፊት ቪትዝ የገዛ ሰው ዛሬ ቢሸጠው ከገዛበት የበለጠ ብር ያገኛል። ይህ የሆነው መኪናው ስለማያረጅ አይደለም። ቀረጡ ከባድ ነው፣ ዶላር አይገኝም፣ ብር ይወርዳል፤ በዚያ ላይ መኪናው ጥቂት ነው። እዚህ ግን መኪና እንደ አሸዋ ነው። የሻርጃው ሱቅ አል ሐራጅ ሄዳችሁ ተመልከቱ፤ በረድፍ በረድፍ ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል። እዚህ መኪና ቆሞም ዋጋው ይወርዳል። የአዲስ አበባን ሒሳብ ይዞ ሻርጃ መኪና የሚገዛ ሰው በጸሐይ ላይ በረዶ የሚያጠራቅም ነው።

«ካልሆነም አገር ቤት እናስገባዋለን» የሚሉም አሉ። ኧረ ወዴት! መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ከዚያ በፊትም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጥሎ ነበር። የ3.5 ሊትር ሞተር ያለውን አሮጌ ዜድ ይዛችሁ የምትገቡበት በር የለም። ይህን እያወቀ «አገር ቤት ይወደዳል» የሚላችሁ ሰው እያታለላችሁ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ዋጋን ከወጪ ጋር ማምታታት ነው። መኪናው ይረክሳል፣ ዕቃው አይረክስም። ይህ ዜድ አዲስ ሳለ የባለገንዘብ መኪና ነበር። ሃያ ዓመት ሲሞላው መኪናው በኮሮላ ዋጋ ይገኛል፤ ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ጎማው ግን የኮሮላ አይሆኑም። ጎማው ሰፊ ነው፣ የኋላውና የፊቱ ልኩ ይለያያል፣ ቤንዚኑም የተሻለውን ዓይነት ይፈልጋል። ደግሞ የስፖርት መኪናን ከእናንተ በፊት በዝግታ የነዳው ሰው አለ ብላችሁ አታስቡ። አራት አምስት ጎረምሳ ተቀባብሎታል። የመጨረሻው ሰው በ16 ሺህ የሸጠው ቸር ስለሆነ አይደለም፤ የ9 ሺህ ዕዳ አብሮ እየሸጠ ነው።

«ሴት ስለ መኪና ምን ታውቃለች?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በ11 ወር ውስጥ እሑድ እሑድ ሰናይያ ጋራዥ መብራት የያዝኩት እኔ ነኝ። ደረሰኝ የሰበሰብኩትም እኔ። ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ከጠቀማችሁ ተጠቀሙበት።

መኪና ስታዩ ሞተሩ ሳይነሳ ድረሱ። ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሻጩ ቀድሞ ያስነሳው ምክንያት አለው፤ ሲቀዘቅዝ የሚያወጣውን ጭስና ድምፅ መደበቅ ይሆናል። የዘይቱን መለኪያ መዝዛችሁ እዩ። የ2006ቱ ዜድ በተለይ የእጅ ማርሹ ዘይት በመጠጣት የታወቀ ነው፤ እኛ ይህን የሰማነው ከገዛን በኋላ ነው። የዘይቱ ክዳን ውስጥ ወተት የመሰለ ነገር ካያችሁ ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል ማለት ሊሆን ስለሚችል በደንብ ሳይመረመር ገንዘብ አታውጡ።

ጎማው ጎን ላይ በመጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በዚህ ሙቀት አምስት ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ቢያምርም ላስቲኩ ሞቷል። የጎማውን የውስጥ ጠርዝም በእጅ ዳስሱ። ከውጭ አዲስ መስሎ ከውስጥ ተበልቶ ከሆነ እግሩ ሥራ ይፈልጋል።

የሄደበትን ስታነቡ ኪሎ ሜትር ነው ማይል ብላችሁ ጠይቁ። ማይል ከሆነ መኪናው ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ «90 ሺህ» የተባለውም ወደ 145 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሆናል። አሜሪካ ተጋጭተው ወይም ጎርፍ ገብቶባቸው ኢንሹራንስ የጣላቸው መኪናዎች በመርከብ ወደዚህ ይመጣሉ፣ ተጠግነው ይሸጣሉ። የሻንሲ ቁጥሩ በጄ ፊደል ስለጀመረ «የጃፓን ነው» ቢሏችሁ አትዘናጉ። ጄ የተሠራበትን አገር እንጂ የኖረበትን አይናገርም። በዚያው ቁጥር የአሜሪካ ታሪኩን በትንሽ ክፍያ ማውጣት ይቻላል። ጎርፍ ደግሞ ከአሜሪካ ብቻ አይመጣም፤ በኤፕሪል 2024 እዚሁ የዘነበውን ሁላችንም አይተናል። ምንጣፉን ገልጣችሁ አሽትቱ፣ የወንበሩን ብሎን ዝገት እዩ፣ የትርፍ ጎማውን ቦታ ጭቃ ፈልጉ።

ቁልፉ ሲዞር የኤርባግ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ የማይበራ ከሆነ አምፖሉን ያነሱት ሊሆን ይችላል፤ ኤርባጉም ላይኖር ይችላል። ኮምፒውተር የሚያነብ ትንሽ ዕቃ ያለው ሰው ይዛችሁ ሂዱ። «ምንም ስህተት የለም» ካለም አትደሰቱ፤ ያን ቀን ጠዋት አጥፍተውት እንደሆነ ያው ዕቃ ይናገራል። በመጨረሻ ኤሲውን ከፍታችሁ በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ንዱት፣ ዓይናችሁን ከሙቀት መለኪያው አታንሱ።

ለጥገናም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ጎማና ፍሬን፣ ቀጥሎ የሞተሩ ማቀዝቀዣ፣ ቀጥሎ ዘይትና እግር። ቀለም፣ ቸርኬና ማርሚታ መጨረሻ፣ ወይም ጭራሽ አያስፈልጉም። እኛ ከማርሚታ ጀመርን። ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ በወጣው የትራፊክ ደንብ በሚጮህ መኪና 2 ሺህ ድርሃምና 12 ጥቁር ነጥብ ይቀጣል። 1,200 ከፍሎ 2 ሺህ የሚያስቀጣ ነገር መግጠም እድሳት ነው? ቆጣቢው መንገድ ይኸውላችሁ፤ የዜድ ሞተር ከኢንፊኒቲ ጂ 35 ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ ያገለገለ የሞተር ዕቃ ሰናይያ ውስጥ ይገኛል። የቦዲ ዕቃ ግን እንደዚያ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ሞተሩ የደከመ ቦዲው ደህና የሆነ፣ ቦዲው ከተሰባበረ ሞተሩ ደህና ከሆነ ይሻላል።

አሁን ወደ ጠቤ ልመለስ። ይህን ሁሉ ማወቅ ብቻውን አያድነንም። የአክስቴ ልጅ ግማሹን ያውቅ ነበር። ያላወቀው የማን ገንዘብ እንደሚነድድ ነው። ከኪሱ ቢሆን ኖሮ ከማርሚታ አይጀምርም ነበር። ሰው በራሱ ገንዘብ ይጠነቀቃል፣ በእህቱ ገንዘብ ይደፍራል። «ትንሽ ጨምሪ፣ ይህቺ ብቻ ናት የቀረችው» ሲባል እምቢ ማለት ያቅተናል። ያለዚያ የገባው ሁሉ ይቀልጣላ! ሒሳብ ስጠይቅ አክስቴ ከአገር ቤት ደውላ «አንቺ ልጅ፣ ወንድምሽን በገንዘብ ትከሺዋለሽ?» አለችኝ። እኔ አልከሰስኩም። ቁጥሩን ብቻ ነው ያነበብኩላት። አክስቴ ሆይ፣ ዘመድነት ሒሳብ ካልቻለ ዘመድነቱ ነው የታመመው፣ ሒሳቡ አይደለም።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ለመኪና ገንዘብ የምትሰጡ ከሆነ ሦስት ነገር ሳትይዙ አትስጡ። መጀመሪያ ስንት እንዳወጣችሁ፣ ሲሸጥ በምን ድርሻ እንደምትካፈሉ፣ የማን ጉልበት ስንት ተብሎ እንደሚቆጠር በወረቀት ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ ምስክርም ይኑር። ሁለተኛ፣ የመኪናውን ዋጋ ያህል ግማሽ ለጥገና ተቀምጦ ካላያችሁ «ገና ነው» በሉ። 16 ሺህ ያለው ሰው የ16 ሺህ መኪና አይገዛም፤ የ10 ሺህ ነው የሚገዛ። ሦስተኛ፣ ደረሰኝ ሁሉ በእናንተ እጅ ይሁን።

ወንድሞቼ፣ እናንተም «በርካሽ ገዛሁ» ስትሉ አንድ ጊዜ ቆም በሉ። ለማን ነው የረከሰው? እኔ ያንን ገንዘብ ያጠራቀምኩት ማዳም ተኝታ እኔ ቆሜ ነው። 10 ሺህ ለእናንተ ግማሽ መኪና ሊሆን ይችላል። ለእኔ 17 ወር ነው።

ደብተሬ አልተጣለም። ከመጀመሪያው ጎማ እስከ መጨረሻው ብሎን ቀንና ዋጋ ተጽፎበታል። እሑድ ከሰዓት ማኅበራችን ስንሰበሰብ ይዤው እመጣለሁ። መኪና ለመግዛት ያሰበ ወንድም ካለ ሳይገዛ ያንብበው፤ ገንዘብ ልትሰጥ ያሰበች እህት ካለች ደግሞ ከእሱ ቀድማ ታንብበው።