ከቀለሙ በፊት መሠረቱ
ለእናት አባት ቤት ማደሻ ተብሎ ከውጭ የሚላከው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ቀለም ሆኖ ይቀራል። ክረምቱ ሲያልፍ የግድግዳው እግር እንደገና ይላጣል። ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም። የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስብ ሁሉ፣ ጡብና ጭቃም በጥቃቅን ቀዳዳዎቻቸው የመሬቱን ውኃ ወደ ላይ ይስባሉ። ውኃው ሲተን ያመጣውን ጨው ትቶ ይሄዳል፤ ጨውም ሲጠጥር ልስኑን ገፍቶ ይጥለዋል። ይህን በሲሚንቶ መለሰን (እንደ ባለሙያ ምክር መሰጠቱ ያሳዝናል) መተንፈሻውን መድፈን ነው፤ እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ከፍ ብሎ ይወጣል። የኖራ ልስን ግን ያስተነፍሰዋል። ለአሮጌ ቤት ቀዳሚው ወጪ የጣሪያውን ውኃ በአሸንዳ ማራቅና ግድግዳውን የተደገፈውን አፈር ከወለሉ በታች ማውረድ ሊሆን ይገባል። በአዲስ ቤት ደግሞ ውኃ የማያሳልፍ ንጣፍ በመሠረቱና በግድግዳው መካከል ይዘርጋ፤ ግድግዳው ከቆመ በኋላ ንጣፉን ማስገባት ከሥር በየተራ መቁረጥን ይጠይቃል።