«በእግር መሄድ ትወጃለሽ?»

ጥያቄዋ አጭር ናት። በእንግሊዝኛው አራት ቃል ብቻ፤ «ዱ ዩ ላይክ ዎኪንግ?» አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና የንግግር ክፍል ከሚነሡት የዕለት ተዕለት ጉዳዮች አንዱ ይኸው የእግር መሄድ ነገር ነው። ከኋላዋ ታናናሾቿ ይከተላሉ። አዘውትረሽ በእግርሽ ትሄጃለሽ? የት የት መሄድ ደስ ይልሻል? በልጅነትሽስ? ወደፊት ሰው በእግሩ መሄዱን ይተው ይሆን? አለቀ። ስለ ከዋክብት ርቀት አልተጠየቀ፣ ስለ ዓለም ባንክ ብድር አልተጠየቀ። የሚገርመኝ ታዲያ፣ በዚህች ጥያቄ ከማንም በላይ በላብ የሚጠመቀው ዕድሜውን ሙሉ በእግሩ የሄደው ልጅ መሆኑ ነው።

ሲሬን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ ሲኬድ ባኮን አልፎ፣ ነቀምቴ ለመግባት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር የሚያልፉት ከተማ ነው። በአስፋልቱ የሚያልፍ መንገደኛ ከመኪናው መስኮት የሚያየው ሱቁን፣ ባጃጁንና ሻይ ቤቱን ነው። የማያየው ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ወደ ገጠር የሚገባውን ቀጭን የእግር መንገድ ነው። በወለጋም በሌላውም የአገራችን ገጠር እንደተለመደው፣ በዚያ መንገድ የሚመጡ ተማሪዎች አሉ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከቤታቸው ስለሚርቅ ለሁለት ለሦስት ሆነው ከተማ ውስጥ ጠባብ ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤተሰብ፤ እሑድ ደግሞ የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው ወደ ከተማ። ዝናብ ከጣለ ጫማውን አውልቆ በእጁ የሚይዝ አለ፤ እግር ይታጠባል፣ ጫማ ግን በቀላሉ አይገዛም።

በዚህ መንገድ ተመላልሳ የተማረች፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተመረቀች አንዲት የዘመድ ልጅ አለችኝ። ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ትሞክራለች። በቅርቡ ለቤተሰብ ጥየቃ ሲሬ ሄጄ ስንገናኝ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይስሙኝና ያርሙኝ» ብላ ደብተሯን ይዛ መጣች። የእግር መሄዷን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጠየቅኋት። ዓይኗን ጨፍና ለቀቀችው። በእግር መንሸራሸር እጅግ አድርጋ ትወዳለች፤ ዘወትር ምሽት ሰፈሯ ባለው ውብ መናፈሻ፣ በጆሮዋ ሙዚቃ እየሰማች፣ ከውሻዋ ጋር ትዘዋወራለች፤ ይህም የአእምሮ ጭንቀቷን ያቃልልላታል።

«ውሻ አለሽ እንዴ?» አልኳት።

«የለኝም ጋሼ። ማስታወሻው ላይ እንደዚያ ስለሚል ነው።»

«መናፈሻውስ?»

«እሱም ማስታወሻው ላይ ነው» ብላ ሳቀች።

«ያ ሁሉ ዓመት ዓርብና እሑድ ስትመላለሺ የኖርሽውስ?»

«እሱማ መሄድ ነው እንጂ ዎኪንግ አይደለም እኮ!»

ይህችን መልስ ሰምቶ የሚስቅ ይሳቅ። እኔን ግን አላሳቀችኝም። ይህች ልጅ ሰነፍ አይደለችም፤ ውሸታምም አይደለችም። የተማረችውን ነው የመለሰችልኝ። የተማረችውም የሚከተለውን ነው፦ አንቺ የሄድሽበት መንገድ መልስ አይሆንም፤ መልስ የሚሆነው ሌላ ሰው የሄደበት ነው።

ማስታወሻውን የሸጠላትን ማሠልጠኛ ስሙን አላነሣም። አንዱ ተጠርቶ ሌላው ሊቀር ነውና። ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ለመቶ ተፈታኝ አንድ ውሻና አንድ መናፈሻ ያከራያሉ! «ይህን በቃልህ ያዝ፣ ሰባት ታገኛለህ» ይላሉ። እናት በሬ ሸጣ የላከችውን ገንዘብ ተቀብለው ለልጇ የሌላ ሰው ሕይወት ፎቶ ኮፒ ይሰጧታል። እኔ ይህን ማሠልጠን አልለውም።

ፈተናው ራሱ ምን እንደሚጠይቅ እንይ። አይኤልትስ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የሚሰጥ ነው፤ ባለቤቶቹ ብሪቲሽ ካውንስል፣ አይዲፒና ካምብሪጅ ናቸው። የንግግሩ ክፍል ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይፈጃል። በመጀመሪያ ስለ ራስ፣ ስለ ቤትና ስለ ልማድ ይጠየቃል፤ ቀጥሎ በካርድ ላይ በተጻፈ ርዕስ 1 ደቂቃ አስቦ እስከ 2 ደቂቃ መናገር አለ፤ በመጨረሻ ከዚያው ርዕስ ጋር የተያያዘ ሰፋ ያለ ውይይት ይመጣል። ነጥቡ በአራት መስፈርት ይሰጣል፤ የአነጋገር ፍሰትና ቅንብር፣ የቃላት ሀብት፣ የሰዋስው ስፋትና ትክክለኛነት፣ የድምፅ አወጣጥ። አንባቢዬ ልብ ይበሉልኝ፤ ከአራቱ አንዱም «ተፈታኙ ሰፈር መናፈሻ አለ ወይ?» አይልም። እንዲያውም አዘጋጆቹ ራሳቸው በቃላችሁ የሸመደዳችሁትን መልስ ይዛችሁ አትምጡ ብለው ይመክራሉ።

ምክሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ፈታኙ «ውሻሽ ምን ዓይነት ነው?» ያለ ቀን ምን ሊመለስ ነው? «መናፈሻው ባለፉት ዓመታት ተለውጧል?» ሲል ያኔ ውሻው ይጠፋል፣ መናፈሻው ይደርቃል፣ ልጅቱም ትንተባተባለች። ያልኖሩበትን ነገር ሁለት ዐረፍተ ነገር ማውራት ይቻላል፤ ሦስተኛው ላይ ምላስ ይተሳሰራል። የተበደሩት ሕይወት ለተከታይ ጥያቄ አይበቃም።

አሁን ደግሞ የራሷን መልስ ብትሰጥ ኖሮ እንበል። «በልጅነቴ በእግር መሄድ አልወድም ነበር፤ ምርጫ አልነበረኝምና። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት ቤት ወጥቼ እናቴ ቤት እስክደርስ ይመሽ ነበር። እሑድ ስመለስ ሸክም ስለነበረኝ መንገዱ የረዘመ ይመስለኛል። ዛሬ ከተማ ነው የምኖረው፣ ታክሲ እይዛለሁ፤ ነገር ግን አብረውኝ ይሄዱ የነበሩት ልጆች ሳቅ ይናፍቀኛል።» ይህ መልስ በእንግሊዝኛ ሲነገር ያለፈ ልማድ አለው፣ የትናንትና የዛሬ ንጽጽር አለው፣ ምክንያት አለው፣ «ነገር ግን» አለው። የሰዋስው ስፋት የሚሉት ሌላ ምን ነበር? አሠልጣኝ ነኝ የሚል ሰው ሥራው ይህን መልስ ከልጅቱ አፍ ማውጣት፣ ከዚያም የጎደላትን ቃል ማቀበል ነበር። እንግሊዝኛ ለመዝናናት የሚሄደውን «ስትሮል» ይለዋል፤ ደክሞት፣ ሸክም ከብዶት፣ ጭቃ ይዞት እግሩን እየጎተተ የሚሄደውን ደግሞ «ትረጅ» ይለዋል። የሲሬዋ ልጅ የሚያስፈልጋት ሁለተኛው ቃል ነው፤ ትርጉሙን በእግሯ ታውቀዋለች፣ የቀራት ድምፁ ብቻ ነው። ማስታወሻው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ሰጣት።

እዚህ ላይ «ጥያቄው ራሱ የፈረንጅ ነው፤ መሄድ ለኛ መዝናኛ አይደለም፣ ሰዎቹ ሊያሳፍሩን ነው» ብሎ የሚነሣ አርበኛ እንዳለ አውቃለሁ። ግማሽ እውነት አለው። «ትወጃለሽ?» የሚለው ቃል ውስጥ ምርጫ አለ፤ ባጃጅ ወይም ታክሲ ትቶ በእግሩ የሚሄደውን ሰው እያሰበ የተጻፈ ጥያቄ ነው። ነገር ግን «አልወድም፣ ምክንያቱም...» ማለትን ማን ከለከለ? አሳፈሩን ከማለታችን በፊት ማን አስቀድሞ እንዳፈረ እንጠይቅ። የራሳችንን አፍ እንስማ እስቲ። ቦሌ ያለው ሰው ስፖርት ጫማ አድርጎ ከወጣ «ወክ አደረገ» እንላለን። የገጠሩ ሰው ያንኑ ያህል ርቀት ሲሄድ «በእግሩ መጣ» እንላለን፤ ለዚያውም ከንፈር መጠን! አማርኛችን ሲያዘግም፣ ሲገሰግስ፣ ሲንጎራደድ፣ ሲንከራተት እያለ አካሄድን ሁሉ በየስሙ የሚጠራ ቋንቋ ነው። ያ ሁሉ ቃል እያለን ለባለ ገንዘቡ እግር ከውጭ አዲስ ስም አስመጣንለት። ልጅቱ «መሄድ ነው እንጂ ዎኪንግ አይደለም» ያለችው እንግሊዝኛ ስላልገባት አይደለም። የኛን አማርኛ በደንብ ስለገባት ነው።

እንጦጦን ተመልከቱ። ከዚያ ተራራ ላይ ጭራሮና ቅጠል ከቁመታቸው በላይ ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ የሚወርዱ እናቶችን አዲስ አበባ ለዘመናት አይታለች። በ2013 ዓ.ም. እዚያው ተራራ ላይ እንጦጦ ፓርክ ተመረቀ፤ ሰው ወክ ለማድረግ ይወጣል። ደግ ነገር ነው፣ አልቃወምም። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ መኪና የማይገባባቸው እሑዶች ሲጀመሩም ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ስለ እንጦጦ መንገድ በእንግሊዝኛ የሚያወራው ፓርኩን የጎበኘው ነው ወይስ የጭራሮ ተሸካሚዋ ልጅ? ሁለቱም መሆን አለባቸው። ከሁለቱ ረጅም ወሬ ያላት ደግሞ የቷ እንደሆነች ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

መንገዱን ሳይደብቅ ያወራ ሰው ምን እንዳገኘ እናውቃለን። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ ሲሮጥ ግራ ክንዱ ትንሽ ታጥፎ የሚታየው ደብተር ይይዝበት ስለነበር ነው ተብሎ ዓለም በሙሉ አወራው። እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ፣ በ2000 ሲድኒ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ሲያጠልቅ የዓለም ጋዜጠኛ የጠየቀው ስለ መናፈሻ አልነበረም፤ ስለዚያ መንገድ ነበር። ኃይሌም የተከራየው ውሻ አላስፈለገውም።

ለወለጋ ሰው ደግሞ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አለው። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ ከአገሩ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ምፅዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ በስዊድን ተማረ። የባዕድ ቋንቋ ተምሮ ምን አደረገበት? የእናቱን ቋንቋ አልጣለበትም። መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ተርጉሞ በ1899 እንዲታተም አደረገ፤ በ1904 ነቀምቴ ገብቶ ማስተማር ጀመረ። የባዕድ ቋንቋ የራስን ነገር መሸፈኛ ሳይሆን መግለጫ እንደሚሆን ለማወቅ የሲሬ ልጅ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም፤ 50 ኪሎ ሜትር ይበቃታል።

«ኧረ አቶ አምደኛ፣ ልጅቱ የምትፈልገው ነጥብ ነው፤ እውነትና ውሸቱን ለሰባኪ ተዉለት» የሚሉኝ አይጠፉም። እሺ፣ በነጥብም እንነጋገር። ከላይ እንዳየነው ሽምደዳው በነጥብም ያከስራል። ነጥቡ ቢገኝስ? የፈተናው ውጤት በተለምዶ የሚያገለግለው 2 ዓመት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ዕድሜስ? ልጅቱ ውጭ አገር ክፍል ውስጥ ስትቀመጥ መምህሩ «ከአገርሽ ልምድ እስቲ ንገሪን» ይላታል። ያኔ የትኛውን ማስታወሻ ልትገልጥ ነው? የራስን ነገር በሰው ፊት መናገር ካልተለማመዱት በቪዛ አይመጣም።

የነገሩ ሥር ግን ከማሠልጠኛው ወዲህ፣ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ነው። በኦሮሚያ ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራል፤ እንግሊዝኛንና አማርኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይወስዳል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆናል። በሦስት ቋንቋ የሚያስብ ልጅ ማለት ነው፤ ይህን ያህል ሀብት ስንት አገር አለው? ሆኖም በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንግሊዝኛው ምርጫ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። አንደበት የሚፈተንበት ክፍል የለውም። የማይፈተን ነገር ደግሞ በኛ አገር አይሰጥም፤ መምህሩም ሰባ ሰማንያ ተማሪ ይዞ ማንን አናግሮ ማንን ሊተው? ስለዚህ ልጁ 12 ዓመት እንግሊዝኛ ተምሮ፣ አንድም ቀን ስለ ራሱ ሳይጠየቅ ይወጣል። የመጀመሪያው ጠያቂ የአይኤልትስ ፈታኝ ይሆንና፣ ያንን ክፍተት አይቶ ማሠልጠኛው ውሻና መናፈሻ ይዞ ይገባበታል።

መፍትሔው የውጭ ብድር አይፈልግም፣ የጥናት ቡድን አይፈልግም። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። መምህሩ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያስቀምጣቸው፤ ሰባውም በአንድ ጊዜ ያውራ፣ ይንጫጫ። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ዛሬ እንዴት መጣህ? ምን አየህ? ማን አገኘህ?» መጀመሪያ በኦሮምኛ ያውሩት፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ። ይሳሳቱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለን የለ? ወላጅም «እንግሊዝኛ ይችላል» የሚለውን ልጅ በተሸመደደ ሐረግ አይለካው፤ «ስለ መንገድህ ንገረኝ» ይበለው።

ያ ልጅ አንድ ቀን አዲስ አበባ ሄዶ ፈታኝ ፊት ይቀመጣል። ጥያቄዋን ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ መስማት የለበትም። ከሲሬ መምህሩ አፍ አስቀድሞ ይስማት፤ መልሱም የራሱ መንገድ ይሁን።