ጠርሙሱ ተሸፍኖ የተሰጠ ፍርድ

«ሻቶ ሙቶን ሮትሽልድ የነገሠው በባለቤቱ ደጅ ጥናትና በጠርሙሱ ሥዕሎች ነው» የሚለው፣ ስለዚህ የቦርዶ ወይን የተጻፈ ጽሑፍ ግማሽ እውነት ይዞ ሙሉ ፍርድ ሰጥቷል። ባለቤቱ ባሮን ፊሊፕ ለአሥርተ ዓመታት መወትወታቸው፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ወይኑን ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ደረጃ ያሳደገውን ውሳኔም የያኔው የግብርና ሚኒስትር ዣክ ሺራክ መፈረማቸው አይካድም። ግን ሁለተኛ ደረጃ የሰጠው የ1855ቱ ምደባስ ከሰማይ ወረደ? የቦርዶ ደላሎች ለፓሪሱ ኤግዚቢሽን በገበያ ዋጋ ላይ ተመሥርተው ያወጡት ዝርዝር እኮ ነው። የዋጋን ዝርዝር እንደማይነካ ሕግ ቆጥሮ እርማቱን አድልዎ ማለት ሚዛን ያጣ ክርክር ነው።

ጸሐፊው ያለፉት ዋና ማስረጃ የ1976ቱ የፓሪስ ቅምሻ ነው። ፈረንሳውያን ዳኞች የማንን ወይን እንደሚቀምሱ ሳያውቁ ሲፈርዱ የ1970 ሙቶን ከቀዮቹ ሁለተኛ ወጣ፤ ከ1855 ጀምሮ አንደኛ ደረጃ የያዘውን ኦ-ብሪዮንን ጨምሮ የቀረቡትን የቦርዶ ወይኖች ሁሉ በለጠ። «በካሊፎርኒያ ወይን ተሸንፏል» ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። የተከራከርነው ግን ሥዕሉ ባይታይ ወይኑ ይቆማል ወይ በሚለው ነው፤ ቆሟል። ያ ወይን የተጠመቀውም ሹመቱ ሳይመጣ፣ ገና ሁለተኛ ደረጃ ሳለ ነው። የጥራቱን ምንጭ የሚሻ ወይኑ የሚበቅልበትን የፖያክን ጠጠራማ መሬትና የካበርኔ ሶቪኞንን ተክል ይመርምር፤ በርሜሉን ለነጋዴ አስረክቦ መገላገል በተለመደበት ዘመን፣ በ1924፣ ባሮኑ ምርታቸውን በሙሉ እዚያው ግቢያቸው ውስጥ በጠርሙስ ለማሸግ መወሰናቸውንም ይመዝን።