አባቶች ስለሚደብቁት ሕመምና ስለ መድኃኒቱ



ሰው በጕልማሳነቱ ያላሰበው ነገር በሽምግልናው ይጐበኘዋል። ዓይን ይፈዛል፣ ጆሮ ይከብዳል፣ ጕልበት ይዝላል። ይህን ሁሉ ሽማግሌው ያለ ሐፍረት ይናገረዋል፤ መነጽር ይገዛል፣ ምርኵዝ ይይዛል። አንድ ሕመም ግን አለ፤ ለሚስቱም ለልጆቹም ሳይናገር፣ ሌሊት ብቻውን እየተነሣና እየተቀመጠ ለዓመታት ይሸከመዋል፤ እርሱም የሽንት መቸገር ነው። በዚህ ወር ስለዚሁ ሕመም፣ ይልቁንም ስለ መድኃኒቱ አወሳሰድ ልንጽፍ ወደድን። ለመጻፍ ምክንያት የሆነንም በምንኖርባት በመቂ በአንድ ጎረቤታችን ላይ የደረሰው ነገር ነው።

እኚህ አባት ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በመቂ ወንዝ ዳር ቲማቲምና ሽንኵርት እያለሙ ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ እሑድ ከቅዳሴ ቀርተው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን በመጀመሪያ ከውስጥ መቆማቸውን ትተው ከቅጽሩ በር አጠገብ መቆም ያዙ፤ ቀጥሎም ፈጽመው ቀሩ። ለኅዳር ጽዮን በዝዋይ ሐይቅ ላይ በጀልባ ተሻግረው ወደ ደብረ ጽዮን መሄዳቸውንም ተዉት። ሰውም እንደ ልማዱ፣ ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተጣልተው ይሆናል እያለ ያወራ ነበር።

አንድ ቀን ልንጠይቃቸው ሄድን። ቡናው ተጠጥቶ ሴቶቹ ወደ ጓዳ ሲገቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መምህር፤ ልጄ ነህና አልደብቅህም። ሌሊት አምስት ጊዜ እነሣለሁ። ቆሜ እጠብቃለሁ፤ የሚወርደው ግን ጠብታ ነው። ተመልሼ ስተኛ ደግሞ ይመጣብኛል። ልብሴን እየነካው በእግዚአብሔር ቤት መቆም አፈርሁ» አሉን። ይህ እንዳይመጣባቸው ሲሉም ቀን ቀን ውኃ መጠጣት ትተው ነበር፤ በዚያ በመቂ ፀሐይ፣ በእርሻ ላይ እየዋሉ።

«ሐኪም ዘንድ ለምን አይሄዱም፣ አባባ?» ብለን ብንጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ይህን የፕሮስቴት የሚሉትን ስም መጀመሪያ የሰማሁት በሬዲዮ ነው። ጃንሆይን የገደላቸው እርሱ አይደለምን?» አሉ።

ይህ ፍርሀት የእርሳቸው ብቻ አይደለምና ነገሩን ማብራራት ይገባል። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ወታደራዊው መንግሥት የሞታቸው ምክንያት የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ያስከተለው ችግር ነው ብሎ በማግሥቱ አስታወቀ። ሐኪማቸው የነበሩት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ግን ከሕክምናው የተነሣ የደረሰ ችግር አልነበረም በማለት ይህን ቃል አልተቀበሉትም። ከብዙ ዓመታት በኋላም በደርግ ባለሥልጣኖች ላይ የቀረበው ክስ ንጉሠ ነገሥቱ ታፍነው እንደ ተገደሉ የሚገልጽ ነበር። እንግዲህ አንድ መንግሥት የሰጠውን ምክንያት ይዞ አንድ ትውልድ ከሐኪም ቤት ሲሸሽ መኖሩ የሚያሳዝን ነው። ከዚህም በላይ፣ ዛሬ አብዛኛው ሕመምተኛ አስቀድሞ የሚታከመው በቢላዋ ሳይሆን በሚዋጥ ኪኒን ነው።

ሕመሙ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንንገር። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ በታች የሚገኝ የወንድ ዕጢ ነው፤ በጕልማሳነት ክብደቱ 20 ግራም ያህል ነው። ሽንት የሚወርድበት ቧንቧ በመካከሉ ያልፋል። ዕድሜ ሲገፋ ዕጢው እያደገ ይሄዳል፤ 60 ዓመት ከደረሱት ወንዶች ግማሽ ያህሉ ይህ እድገት ይገኝባቸዋል፤ 80 ካለፉትም የሚበዙት። ዕጢው ሲያድግ ቧንቧውን ይጫነዋል። ስለዚህ ሽንት ለመጀመር ያስቸግራል፣ አወራረዱ ይቀጥናል፣ እየተቋረጠ ይወርዳል፣ ካለቀም በኋላ ይንጠባጠባል፣ ሌሊትም ደጋግሞ ያስነሣል። ይህ እድገት ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ነገር ግን ካንሰርም፣ የስኳር በሽታም፣ የፊኛ ጠጠርም፣ የሽንት ቧንቧ መቍሰልም ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩ ስለሚችሉ፣ ሳይመረመሩ የጎረቤትን ኪኒን ተበድሮ መዋጥ ትልቅ ስሕተት ነው። ሐኪሙ ሽንትንና ደምን ያስመረምራል፣ በጣቱ ዕጢውን ይዳስሳል፣ ካስፈለገም በአልትራሳውንድ ያያል። በጣት መመርመርን ማፈር አይገባም፤ የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነው።

ጎረቤታችን በብዙ ልመና ሄዱ። ሐኪሙም መርምሮ ታምሱሎሲን የተባለውን መድኃኒት በቀን አንድ ጊዜ እንዲወስዱ አዘዘላቸው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሽንታቸው ተፈታ፤ እንቅልፍ አገኙ፤ ወደ ቅዳሴም ተመለሱ። በሦስተኛው ወር ግን፣ «ድኛለሁ፤ ለምን ገንዘብ አወጣለሁ?» ብለው ተዉት። ጥቂት ቆይቶ ጕንፋን ያዛቸውና ከመድኃኒት መደብር የጕንፋን ኪኒን ገዝተው ዋጡ። በዚያችው ሌሊት ሽንታቸው ፈጽሞ ተዘጋ። ይገፋልኛል ብለው ብዙ ውኃ ጠጡ፤ ውኃው ግን ጭንቁን አበዛው። እኩለ ሌሊት ላይ ልጃቸው በባጃጅ ይዟቸው ወጣ፤ ከዚያም በመኪና ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። በቱቦ የወጣላቸው ሽንት አንድ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር። ያን ሌሊት የሰማነውን የአባት ጩኸት አንረሳውም።

የተሳሳቱት በምንድን ነው? ከሕመም ማረፍና መዳን አንድ መስለዋቸው ነው። ይህን ለመረዳት የመድኃኒቶቹን ሁለት ወገን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ወገን ታምሱሎሲን፣ ቴራዞሲን፣ ዶክሳዞሲን የመሳሰሉት ናቸው። እነዚህ በዕጢውና በፊኛው አንገት ያለውን ጡንቻ ያላሉታል፤ በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥም እፎይታ ይሰጣሉ። ዕጢውን ግን አያሳንሱትም። መድኃኒቱ ሲቆም ጡንቻው ተመልሶ ይጨብጣል፤ ሕመሙም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ሁለተኛው ወገን ፊናስተራይድና ዱታስተራይድ ናቸው። የእነዚህ ታሪክ የሚያስደንቅ ነው። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የወንድን ሆርሞን የሚለውጠው አንድ ኤንዛይም ከልደታቸው የጐደላቸው ሰዎች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ እነርሱ ጥናት ታተመ። ፕሮስቴታቸው ትንሽ ሆኖ መቅረቱን ያዩ ሊቃውንትም ያንን ኤንዛይም የሚገታ መድኃኒት መፈለግ ጀመሩ። ፊናስተራይድ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1992 ተፈቀደ። ይህ መድኃኒት ዕጢውን ራሱን ቀስ በቀስ ያሳንሰዋል፤ ግን ጥቅሙ በሚገባ እስኪታይ ስድስት ወር ያህል ይፈጃል። በአንድ ወር ውስጥ ለውጥ አላየሁም ብሎ የሚተወው ሰው ዘርቶ ሳይበቅል እርሻውን እንደሚገለብጥ ገበሬ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት 3,047 ወንዶችን በአማካይ ለአራት ዓመት ተኩል ተከታትሎ ነበር። የሕመሙን መባባስ ዶክሳዞሲን ብቻውን በ39 በመቶ፣ ፊናስተራይድ ብቻውን በ34 በመቶ፣ ሁለቱ ሲጣመሩ ግን በ66 በመቶ ቀነሱት። በተለይ ሽንት ፈጽሞ እንዳይዘጋ በረጅሙ ጊዜ የጠበቀው ፊናስተራይድ ያለበት ሕክምና ሆኖ ተገኘ። ጎረቤታችንም፣ ዕጢያቸው በጣም ያደገ ስለ ነበር፣ ከቱቦው በኋላ የታዘዘላቸው ሁለቱን አጣምረው እንዲወስዱ ነው።

በየቤታችሁ መድኃኒቱን የምትሰጡ ሚስቶችና ልጆች ደግሞ የሚከተለውን ልብ በሉ።

ታምሱሎሲን በየቀኑ ከአንድ ማዕድ በኋላ፣ ሳይሰበርና ሳይታኘክ ይዋጣል። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ ጾም ለያዘ ሰው አያስቸግርም፤ በጾም ወራት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከሚበላው ምግብ ቀጥሎ ሊወሰድ ይችላል። ሰዓቱን ከሐኪም ጋር መቍረጥ፣ ለንስሐ አባትም መንገር መልካም ነው። የመጀመሪያው ወገን መድኃኒት የደም ግፊትን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ሽማግሌው ሌሊት ሲነሣ በአልጋው ጠርዝ ጥቂት ተቀምጦ ይቁም፤ ወድቆ ዳሌው የተሰበረ ብዙ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ለሐኪሙ ይንገር። ለተወሰኑ ቀናት ያቋረጠም እንደ ቀድሞው ከመጀመሩ በፊት ይጠይቅ። የዓይን ሞራ ለማስገፈፍ የሚሄድ ሁሉ ይህን መድኃኒት መውሰዱን፣ ቀድሞም ወስዶ እንደ ሆነ፣ ለዓይን ሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር፤ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የዓይኑን ብሌን ያስቸግራልና።

ፊናስተራይድንና ዱታስተራይድን ደግሞ ነፍሰ ጡር የሆነች ምራት ወይም ልጅ የተሰበረውን ወይም የፈሰሰውን በእጇ አትንካ፤ በማኅፀን ያለውን ወንድ ልጅ ሊጐዳ ይችላል። ፊናስተራይድ የፕሮስቴት ካንሰር የሚፈለግበትን ፒ ኤስ ኤ የተባለውን የደም ምርመራ ውጤት ወደ ግማሽ ስለሚያወርደው፣ ለሚመረምረው ሐኪም መናገር የግድ ነው። በአንዳንድ ሰዎች ላይ የባልና የሚስትን ግንኙነት ያቀዘቅዛል፤ ይህ ሲሆን ባል ዝም ብሎ መድኃኒቱን ከመጣል ከሐኪሙ ጋር ይማከር።

የጕንፋንና የአለርጂ ኪኒኖች አንዳንዶቹ ሽንት ይዘጋሉ፤ ጫትም አወራረዱን ያዳክማል። ውኃ ቀን ይጠጣ፣ ማታ ይቀነስ፤ ቡናና ሻይም ከመኝታ በፊት ይቅሩ። ሽንት ፈጽሞ የተዘጋበት፣ ደም የተቀላቀለበት፣ ወይም ትኵሳት የጨመረበት ሰው ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ሽንቱ ደጋግሞ ለሚዘጋበት፣ ኵላሊቱም ለተጐዳ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ይህም የሚያስፈራ ሳይሆን የሚያሳርፍ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘንድ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ጸበል የሚጠመቅ ሰው ኪኒን ቢውጥ እምነቱን አያጐድልምን? የሚል ነው። ቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ይኸው ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውንና እርስ በርሳቸው እንደማይጣሉ አስተምረዋል። ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒቱን እንድናከብር ይመክረናል። ሽንቱ የተዘጋበት ሰው ግን በጸበል ስም ብዙ ውኃ አይጠጣ፤ መውጫ ያጣ ውኃ ፊኛውን ያስጨንቃልና።

ጎረቤታችን አሁን ሁለተኛውን መድኃኒት ከያዙ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ሌሊት አሁንም አንድ ሁለት ጊዜ ይነሣሉ፤ ቅዳሴውን ግን ቆመው ያስጨርሳሉ። ባለፈው እሑድ ከቅጽሩ በር አጠገብ ብቻቸውን የቆሙ ሌላ ሽማግሌ አይተው ወደ እርሳቸው ሲጠጉ አየን። ቀስ ብለው ጠየቋቸው፤ «ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሣለህ?» ሲሉም ሰማናቸው።

እኛም ይህንኑ ጥያቄ ለእናንተ እንተወዋለን። ልጆች ሆይ፤ አባቶቻችሁን በአክብሮት ጠይቋቸው። አባቶችም፤ ሳታፍሩ መልሱላቸው። የከርሞ ሰው ይበለን።